ክርክር፦ የሞተ ሰው በመስታወት ውስጥ ይታይ ወይስ ይሸፈን?

ጠያቂዋ (ለንደን)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄድን። የግብፅን ዕቃ ለማየት ነው። 64 ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አለ። ሐውልት እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ነው። በጎኑ ተኝቷል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቧል፣ እጁን ወደ ፊቱ አድርጓል። ራሱ ላይ ቀላ ያለች ፀጉር ቀርታለች። ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበለይን ከሚባል የላይኛው ግብፅ ቦታ የወጣ ነው። መድኃኒት የቀባው የለም፣ ትኩሱ አሸዋ ነው ያደረቀው። ልጄ "ለምን አልቀበሩትም?" አለኝ። ቀብረውትማ ነበር! ያወጡት እነዚህ ናቸው። በ2025 እዚህ አገር የፓርላማ አባላት ያሉበት አንድ ቡድን የሰው አስከሬን ለሕዝብ ማሳየት ይከልከል የሚል ሪፖርት አውጥቷል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የካይሮው፦ እህቴ፣ ባለቤቶቹ ያልከፋቸውን እኛ ምን አስጨነቀን? ሚያዝያ 2021 ግብፅ 22 ሙሚዎችን (እንዳይፈርሱ ታሽተው የደረቁ አስከሬኖችን)፣ 18 ነገሥታትና 4 ንግሥቶች፣ ከካይሮ ታሕሪር አደባባይ እዚያው ካይሮ ፉስጣጥ ወዳለው አዲሱ ሙዚየም በሰልፍ አዛውራለች። መድፍ ተተኩሶ፣ ፕሬዚዳንቱ በር ላይ ቆመው ነው የተቀበሏቸው። የሚያሳፍር ቢሆን በቴሌቪዥን ያሳዩት ነበር? አዳራሹን ገብቼ አይቼዋለሁ። ጨለም ያለ ነው፣ እንደ መቃብር። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሴቀነንሬ ታዖ የሚባለው ንጉሥ ግንባሩ ላይ የመጥረቢያ ምት አለ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ይታያል። ሰሜን ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ባዕዳን፣ ከሂክሶሶች ጋር የነበረውን ጦርነት መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፣ የገባኝ ግን እዚያ ቆሜ ነው።

ቀልደኛው፦ ፈርዖኑ ራምሴስ ዛሬ ቢነሳ "መግቢያው ስንት ነው? የኔ ድርሻስ?" ነበር የሚለው 😂

ዲያቆኑ፦ ወንድሜ፣ በሙት አይቀለድም። ዘፍጥረት 50ን አንብቡት። ያዕቆብን የግብፅ ባለ መድኃኒቶች በሽቱ አሹት፣ 40 ቀን ፈጀባቸው። ዮሴፍንም እንዲሁ አድርገው በሣጥን አኖሩት። ስለዚህ ማሸቱ በራሱ ነውር የለበትም። ዮሴፍ ግን "አጥንቴን ከዚህ አውጡ" ብሎ ወንድሞቹን አስምሏል። ሙሴም ሲወጣ አጥንቱን ይዞ ወጣ፣ በመጨረሻ ሴኬም ተቀበረ። የሟች ቃል ነው የተከበረው። እነዚያ ፈርዖኖች ደግሞ በራቸውን በድንጋይ ያስዘጉት "እንዳትነኩን" ለማለት ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ኑዛዜ ምን አለ?

የካይሮው፦ ዲያቆን፣ ስማቸው እንዲጠራ፣ ፊታቸው እንዳይጠፋ አይደል እንዴ የታሹት? የተረሳ ሰው ሁለተኛ ይሞታል ብለው ነበር የሚፈሩት። አሁን የዓለም ሕዝብ ስማቸውን እየጠራ ነው።

ዲያቆኑ፦ የንጉሡ ስም ይጠራል። ያ ለንደን የተኛው ልጅ ስሙን ማን ያውቀዋል?

ነርሷ፦ ስለሱ አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ሲቲ ስካን ተነስቶ ነበር። ሲሞት ዕድሜው ከ18 እስከ 21 ቢሆን ነው። ከኋላው በግራ ትከሻው አጥንት በኩል ተወግቶ ነው የሞተው። ሙዚየሙም ጎብኚ በጣቱ ስክሪን እየነካ ቆዳውን፣ ሥጋውን፣ አጥንቱን እንዲገልጥ አድርጎ ነበር። ሳይንሱን እወደዋለሁ፣ ያለሱ መገደሉንም አናውቅም ነበር። ግን ለመመርመር ማሳየት ግድ ነው? እኔ ጋ ሕመምተኛ ሲሞት መጀመሪያ መጋረጃ ነው የምንስበው። የዚህ አገር የ2004 ሕግ ደግሞ አስከሬን ለሕዝብ ለማሳየት የሟች ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከሞተ 100 ዓመት ያለፈውን ግን አይነካም። 100 ዓመት ሲሞላው ሰውነቱ ያበቃል ማለት ነው?

የአትላንታው፦ እኔ እዚህ የምኖርበት ከተማ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ቀዳማዊ ራምሴስ ነው ተብሎ የሚታመን ሙሚ ለብዙ ዓመታት ናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ባለ ሙዚየም ከልዩ ልዩ አስገራሚ ዕቃዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በ1999 የአትላንታው የካርሎስ ሙዚየም ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ገዛው፣ አስመረመረው፣ በ2003 ለግብፅ በነፃ መለሰ። ጥሩ ሥራ ነው፣ አጨበጨብን። ከዚያስ የት አኖሩት? ሉክሶር ሙዚየም፣ መስታወት ውስጥ። ከመስታወት ወደ መስታወት! ስለዚህ "ይመለስ" እና "አይታይ" ሁለት ለየብቻ ክርክር ናቸው፣ አታደባልቋቸው።

ጋሽዬ (ዋሽንግተን)፦ ልጆች፣ የራሳችንን ነገር ረሳችሁት። እዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ጽላት አለ። አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም። ተሸፍነው ተቀምጠዋል፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፣ የኛ ካህናት ብቻ ናቸው የሚገቡት። ይመለሱልን የሚለው ጥያቄያችን እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ሙዚየም ሲፈልግ መሸፈን ያውቅበታል ማለት ነው። እንጨትና ድንጋዩን የሸፈኑት ለምን ይመስላችኋል? እዚህ የሚጮህ ምእመን ስላለ ነው። ለዚያ ልጅ የሚጮህ የለውም።

የካይሮው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደው ያውቃሉ? ዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የደረቁ አስከሬኖች ተደርድረው አሉ። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። ያኔ የጮኸ አልሰማሁም።

ዲያቆኑ፦ እነሱ ከተኙበት ያወጣቸው የለም። ባሉበት ቦታ ናቸው። ለንደን ወስደህ ቁጥር ስትለጥፍባቸው እንነጋገር።

ቀልደኛው፦ ፎቶውማ ይቅር፣ እዚህ ላይ ከዲያቆን ጋር ነኝ።

የአትላንታው፦ የካይሮው፣ ግብፆችም አንድ ልብ አልነበሩም እኮ። ፕሬዚዳንት ሳዳት በሥልጣን ሳሉ የሙሚዎቹን ክፍል አዘግተው ነበር። እንደገና የተከፈተው በ1994 ነው።

የካይሮው፦ እሱ ልክ ነው። ግን የከፈቱትም ራሳቸው ናቸው። እሺ፣ ይቀበር እንበል። የት? ገበለይን ወስዳችሁ አሸዋ ብታለብሱት ሌባ በሳምንቱ ያወጣዋል። የዛሬ ስንት መቶ ዓመት አውሮፓ ውስጥ ሙሚ ተፈጭቶ መድኃኒት ነው እየተባለ ይሸጥ ነበር፣ ሠዓሊዎችም ቡናማ ቀለም አድርገውታል። ሙዚየም ባይኖር ስንቱ ይተርፍ ነበር?

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ነገሥታቱ ላይ ብዙም አልከራከርም፣ አገራቸው ናቸው፣ በክብር ተቀምጠዋል። ሳጥኑ፣ ጌጡ፣ ማሰሮውም ይታይ፣ ልጆቼ የተደነቁት በሱ ነው። ቱታንካሙን እንኳ ዕቃው ጊዛ አጠገብ ወደ ተከፈተው ታላቁ ሙዚየም ሲሄድ እሱ ሉክሶር መቃብሩ ውስጥ ነው የቀረው። ያ ተወግቶ የሞተው ልጅ ግን ይሸፈን ባይ ነኝ። መጋረጃ ይደረግለት፣ ማየት የፈለገ ራሱ ይግለጥ።

ነርሷ፦ ማንችስተር ሙዚየም በ2008 ሙሚዎቹን ነጭ ጨርቅ አልብሷቸው ነበር። ጎብኚው "ከፍተን ካላየን ለምን መጣን?" ብሎ አስቸገረ፣ ብዙም ሳይቆይ ገለጧቸው።