«ሰውነቱ ሶፋው ላይ ነበር» ብሎ ነገር!

የማታ ታዛቢ፦
ትናንት እዚሁ አንድ ወንድማችን ስለ «ስትራይኪንግ ቫይፐርስ» ሲጽፍ «ዳኒ አልማገጠም፤ ሰውነቱ ሶፋው ላይ ነበር» ብሎ ዘጋው። ላይኩም ጎረፈለት። እኔን ግን ሲከነክነኝ አደረ። ላላየ ሰው ባጭሩ፦ «ብላክ ሚረር» የሚባለው ተከታታይ ድራማ የ2019 ክፍል ነው። ዳኒና ካርል የድሮ ጓደኛሞች ናቸው። ካርል ለዳኒ ልደት የቪአር (የምናባዊ እውነታ) ጌም ያመጣለታል። ጌሙ የድብድብ ነው። ገጸ ባሕሪው የሚሰማው ሁሉ ተጫዋቹም ይሰማዋል። ካርል የሚገባው በሴቷ ተደባዳቢ፣ በሮክሴት አካል ነው። ድብድቡ ወደ መሳሳም፣ መሳሳሙም ወደ ሌላው ይሄዳል። ዳኒ ባለትዳር ነው፤ ልጅ አለው፤ ሁለተኛም እየሞከሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሚስቱን ቲዮን ዞር ብሎ አያያትም። እና «ሶፋው ላይ ነበር» ምን የሚሉት መልስ ነው? ልቡስ የት ነበር?

ሪሞቱ በእጄ፦
«አንድ ወንድማችን» የተባልኩት እኔ ነኝ። በስሜ ብትጠራኝ አልቀየምም። ያልኩትንም አልለውጥም። ዳኒ ማንንም አልነካም፤ ማንም አልነካውም። ጌም ውስጥ መግደል ነፍስ ማጥፋት ካልሆነ፣ ጌም ውስጥ መተኛት እንዴት ነው ዝሙት የሚሆነው? እስቲ መልስልኝ።

ጠይም ዕንቁ፦
እኔ ልመልስልህ። ጌም ላይ የገደልከው ጓደኛህ በማግስቱ «ዛሬም ማታ ትገባለህ አይደል?» ብሎ አይለማመጥህም። አንተም ሚስትህ እስክትተኛ እየጠበቅክ አትደበቅም። ጌም ብቻ ከሆነ ለምን ደበቃት?

ሪሞቱ በእጄ፦
ሰው የሚያፍርበትን ሁሉ ይደብቃል። ማፈር ማማገጥ አይደለም።

የጌም ልጅ፦
ወንድሜ ሪሞቱ፣ ክርክርህ ራስህን ነው የሚመታው። እስቲ ዕቃውን እይ። ዛሬ ሱቅ ያለው ቪአር በአብዛኛው ለዓይንና ለጆሮ ነው። ለእጅህ ቢበዛ ንዝረት ይሰጥሃል። ድርሰቱ ላይ ያለው ግን ጆሮ ግንድ አካባቢ የምትለጠፍ ትንሽ ነገር ናት፤ ምስሉንም ስሜቱንም ቀጥታ ወደ አንጎል ትልካለች። የዳኒ አንጎል ያለው የት ነው? ሶፋው ላይ። የተሰማው የት ነው? ሶፋው ላይ። ስለዚህ «ሰውነቱ ሶፋው ላይ ነበር» ስትል «ሁሉም ነገር የተፈጸመው ሳሎን ነው» ማለትህ ነው።

የማታ ታዛቢ፦
ተባረክ! ይቺን ትናንት ባገኛት ኖሮ እንቅልፍ አላጣም ነበር።

ገና አላየሁም፦
እናንተ ሰዎች! መጨረሻውን ልትነግሩን ነው? ቢያንስ አስጠንቅቁ እንጂ።

የጌም ልጅ፦
ከ2019 ጀምሮ ያላየኸውን ዛሬ ማታ ልታየው ነበር?

ጋሽ ተመልካች፦
ልጆች፣ እናንተ ዳሩን ትዞሩታላችሁ። እኔ እንደገባኝ ጌሙ ሽፋን ነው። ሁለት ወንዶችን በግልጽ ለማሳየት ፈሩና አንደኛውን ሴት አልብሰው አመጡብን። ተመልካቹ ሳያውቀው እንዲዋጥለት ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፦ ሽፋን ቢሆን ድርሰቱ ራሱ አይገልጠውም ነበር። መጨረሻ አካባቢ ዳኒና ካርል በእውን ተገናኝተው ይሳሳማሉ። ለመፈተን ነው። ሁለቱም «ምንም አልተሰማኝም» ይላሉ። ከዚያ ቡጢ ይማዘዛሉ፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ዳኒን ከጣቢያ የምትወስደው ያቺው ቲዮ ናት። እርስዎ የጠየቁትን ነው እነሱም የጠየቁት፤ ፈቀቅ አላሉም።

ጋሽ ተመልካች፦
«ምንም አልተሰማኝም» ያሉትን አመንሻቸው እንዴ የኔ ልጅ? ካርልማ ዋሽቷል። ፊቱን አላየሽውም?

ሪሞቱ በእጄ፦
ጋሼ፣ አልዋሸም! ካርል የሚፈልገው ዳኒን ብቻ አይደለም። ሮክሴት ሆኖ ከዳኒ ጋር መሆንን ነው። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሞክሯል። ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሳቸው ጋር ሞክሯል። የጌሙን ድብ እንኳ አልማረም፤ ራሱ ነው የሚናገረው። አንዱም እንደዚያ አልሆነለትም። በእውኑ ዓለም ለዚህ ነገር ስም የለውም። ቪአሩ ያመጣው አዲስ ነገር ይሄ ነው፤ እናንተ ግን ወንድ ነው ሴት ነው ብላችሁ ሁለት ሳጥን ውስጥ ልትከቱት ትታገላላችሁ።

ጠይም ዕንቁ፦
እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሮክሴትን ማን ሠራት? የድብድብ ጌም ሠሪዎች። ለወንድ ዓይን የተሠራች ናት፤ ወገቧም፣ ልብሷም፣ የምትቆምበት አኳኋንም። ካርል «ሴት ሆንኩ» ሲል የገባው እዚያ ነው። የወር አበባ የላትም። አታረግዝም። ማታ ብቻዋን ስትሄድ ኮቴ እየሰማች አትፈጥንም። ካርል ሴትነትን ለአንድ ማታ ተከራይቶ ጠዋት መለሰ። ከዚያ ተቺው ሁሉ «ጾታን በጥልቀት ፈተሸ» ይላል። ምኑን?

የጌም ልጅ፦
ወንዶች በሴት ገጸ ባሕሪ መጫወት የጀመሩት ዛሬ አይደለም እኮ። ጌም ቤት የዋለ ያውቀዋል።

ጠይም ዕንቁ፦
ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ከጀርባዋ ሆነህ ስታያት መዋልና በእሷ መኖር አንድ አይደለም ነው የምልህ። በተቃራኒው ሲሆን እንዴት እንደሚሠሩት ተመልከት። በ2022 የወጣው «ዘ ፔሪፌራል» የተባለ ድራማ ላይ ፍሊን የምትባል ልጅ በወንድሟ ስም ትጫወታለች፤ ከእሱ ትበልጣለቻ! መጀመሪያ ወደ መጪው ዘመን ስትላክም በወንድሟ አምሳል በተሠራ አካል ነው። ለእሷ የወንድ አካል መግቢያ በር ነው። ለካርል የሴት አካል ምንድን ነው? መዝናኛ።

ሪሞቱ በእጄ፦
ለካርል መዝናኛ ብቻ ከሆነ ለምን ይለማመጣል ታዲያ?

ጠይም ዕንቁ፦
መዝናኛው ሲቋረጥበት የማይለማመጥ ወንድ አሳየኝ።

ዝም አልልም፦
😂😂 በቃ ሞትኩ።
ግን ሁላችሁም ደካማውን ክፍል ይዛችሁ ነው የምትጣሉት። «ሳን ሁኒፔሮ» እያለ! የ«ብላክ ሚረር» የ2016ቱ ክፍል። ዮርኪ በ21 ዓመቷ በመኪና አደጋ ሽባ ሆናለች፤ ያውም ሴት እንደምትወድ ለወላጆቿ በተናገረችበት ሌሊት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ አልጋ ላይ ነው። የምትራመደው፣ የምትጨፍረው፣ ፍቅረኛዋን ኬሊን የምታገኘው የሞቱ ሰዎች አእምሮ በሚኖርባት ምናባዊቷ ከተማ ውስጥ ነው። በሕይወት ያለ ሰው እዚያ የሚፈቀድለት በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ። እስቲ ለዮርኪ «ሰውነትሽ አልጋው ላይ ነበር፤ ምንም አልሆነም» በሏት!

የማታ ታዛቢ፦
ሪሞቱ፣ ይቺን መልስ። እዚያ ፍቅሩ እውነት ከሆነ እዚህ መማገጡ ለምን ውሸት ይሆናል?

ሪሞቱ በእጄ፦
ዮርኪ ሌላ ሕይወት የላትም። ዳኒ አለው። በቃ።

የማታ ታዛቢ፦
ምኑ ነው በቃ? ሌላ ሕይወት ስላለውማ ነው የሚከዳው ያለው! አንተ ሰውዬ ሶፋህን ይዘህ ወዴት ነው የምትሸሸው?

ጋሽ ተመልካች፦
«ሳን ሁኒፔሮ»ን ልጄ አሳይታኝ ነበር። አልደብቅም፣ መጀመሪያ ልነሣ ነበር። ያስቀመጠኝ የኬሊ ባል ነው። ሪቻርድ። 49 ዓመት አብረው ኖረዋል። ሴት ልጃቸው በ39 ዓመቷ ሞተች፤ ያኔ ያ ከተማ ገና አልተሠራም። ሰውየው ሊሞት ሲል ዕድሉን አገኘ፤ እንቢ አለ። ልጄ ያልገባችበት አልገባም ብሎ ሄደ። እናንተ ስለ ሁለቱ ሴቶች ታወራላችሁ። እኔ ትዳር ያየሁት እዚያ፣ በአንድም ትዕይንት ሕያው ሆኖ ባልመጣው ሰውዬ ላይ ነው።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ በዚህስ እስማማለሁ። ኬሊ ያን ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ሌላ ነው። ለዚያ ነው መጨረሻው የሚከብደኝ። ሰው ሁሉ «ደስ የሚል ፍጻሜ» ይለዋል፤ በ2017 ሁለት ኤሚ ያሸለመውም ይሄው ነው የሚል አለ። እኔ ግን ኬሊ ወደ ዮርኪ ስትሄድ ከባሏና ከልጇ መለየቷን አልረሳም። ሙዚቃው ደመቅ ስላለ ነው የማይታየን።

ጋሽ ተመልካች፦
እህ! እና አልኩ እኮ፤ በሙዚቃ ነው የሚያስውጡን።

የጌም ልጅ፦
ደራሲው ቻርሊ ብሩከር መጀመሪያ ወንድና ሴት አድርጎ ነበር ያሰበው። ኋላ ነው ሁለት ሴት ያደረጋቸው። በ1987 ሊጋቡ የማይችሉ ሰዎች በምናባዊው 1987 ውስጥ ሲገናኙ ታሪኩ ክብደት ያገኛል ብሎ ነው።

ጋሽ ተመልካች፦
አያችሁ! ራሱ ተናገረ። ጨመሩበት።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ ደራሲ ገጸ ባሕሪ ሲለውጥ «ጨመረ» ከተባለ የትኛው ድራማ ሊተርፍ ነው? ደግሞ ተራ ለውጥ አይደለም። የነርሱን የግሬግን ነገር ያስታውሱ። ዮርኪ በሕጋዊ መንገድ ሞታ ለዘለቄታው ወደዚያ እንድትሻገር የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ወላጆቿ እንቢ ብለዋል። ስለዚህ ነርሱ ሊያገባት ነው። ኬሊ ትሰማና «ከእሱ እኔን አታገቢም?» ትላለች። ይሄ ትዕይንት በወንድና ሴት ጥንድ ቢሠራ ግማሹ ስሜት ይጠፋል።

የማታ ታዛቢ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ፤ ሪሞቱ እንዳያመልጠኝ። «ዩኤስኤስ ካሊስተር»ን አይተሃል? የ«ብላክ ሚረር» የ2017ቱን ክፍል። ዴሊ የጌም ኩባንያ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹን ዲኤንኤ እየሰረቀ ቅጂያቸውን ጌሙ ውስጥ ያስራል። የማትታዘዘውን ሴት ፊቷን ይደፍንባታል። ብልት እንኳ አልተወላቸውም። እሱም ቢሮ አይደለም፤ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ንጹሕ ነው ልትለኝ ነው?

ሪሞቱ በእጄ፦
እነዚያ ስሜት ያላቸው ቅጂዎች ናቸው። ተጎጂ አለ። ዳኒ ጋ ተጎጂው ማነው?

ጠይም ዕንቁ፦
ቲዮ!!! ስሟን መጥራት እንዴት ነው የሚከብዳችሁ? ስንቱ ስለ ዳኒና ስለ ካርል ጻፈ፤ ስለ እሷ የጻፈውን ግን በፋኖስ ፈልጉት። በጋብቻ በዓላቸው ቀን ምግብ ቤት ተቀምጠው የምትናገረውን ሰምታችኋል? እኔም እኮ ሰው ያየኛል፣ እኔም ያምረኛል፣ ግን በሩን ዘግቼልሃለሁ ነው የምትለው። እሷ በሩን የዘጋችው ያለ ማሽን ነው።

የጌም ልጅ፦
የዴሊን ነገር ካነሳን የታሪኩ ምንጭ «ስታር ትሬክ» ነው። በ1989 ጆርዲ የሚባለው ገጸ ባሕሪ የአንዲት ኢንጂነር ምስል ሆሎዴክ (ምናባዊ ሰውና ቦታ የሚፈጥር ክፍል) ላይ ሠርቶ በፍቅር ይወድቃል። በ1991 እውነተኛዋ ሴትዮ መጣች። ባለትዳር ናት። የራሷን ምስል አየችና እሳት ሆነች። ሳትጠየቅ በመልኳ መጫወት ልክ አይደለም የሚለው ነገር ያኔውኑ ተነሥቷል። ተቺዎች «አዲስ ጥያቄ» ሲሉ ይገርመኛል።

ሪሞቱ በእጄ፦
ሆሎዴክ ቪአር አይደለም። ክፍል ነው። በእግርህ ነው የምትገባው።

የጌም ልጅ፦
እንዴ! አሁን ደግሞ ሰውነት ከገባ አይቆጠርም? ካልገባም አይቆጠርም? መቼ ነው የሚቆጠረው?

ገና አላየሁም፦
እኔ «ስታር ትሬክ»ንም ገና አላየሁም።

ዝም አልልም፦
አንተ ግን ምን አይተህ ታውቃለህ?

ሪሞቱ በእጄ፦
ጠይም፣ ቲዮን ካነሳሽ ፍጻሜውን ንገሪያቸው እንጂ። ተስማምታለች! በዓመት አንድ ቀን፣ በዳኒ ልደት፣ እሱ ጌሙን ይገባል፤ እሷ ቀለበቷን አውልቃ ቡና ቤት ትወጣለች። እሱ ከምናብ ጋር፣ እሷ ከእውነተኛ ሰው ጋር። አሁን ማነው የበለጠ የማገጠው?

ጠይም ዕንቁ፦
ማንም። ተነጋግረው ነዋ! ችግሩ ሳይነግራት የሄደባቸው ማታዎች ናቸው። እሷ እስኪነግራት ድረስ ሌላ ሴት የመጣች መስሏት ነበር እኮ። ደግሞ ዓመት ሙሉ ጠብቃ አንድ ቀን ነው ያገኘችው፤ ያንንም የወሰነላት የእሱ ልደት ነው። የራሷ ልደት የት ሄደ?

ሪሞቱ በእጄ፦
እና ተስማምተው ካደረጉት ማማገጥ አይደለም አልሽ። አየሽ፣ ከእኔ ጋር ሆንሽ።

ጠይም ዕንቁ፦
ከአንተ ጋር?! አንተ ያልከው ሰውነቱ ስላልተነሣ ንጹሕ ነው። እኔ ያልኩት ስለ ነገራት ነው። ወጥተህ አንብበው።

ሪሞቱ በእጄ፦
አነበብኩት። አሁንም ትክክል ነኝ።

ጋሽ ተመልካች፦
እኔ የምለው፣ ያ ድብ ያላችሁት ነገር እውነት አለበት?

የጌም ልጅ፦
አለበት ጋሼ።