በአምስት ወር ሦስት ጊዜ ወባ፤ መድኃኒቱ ነው ችግሩ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

እህቱ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ቆላ ሄዶ ሦስት ወር ቆይቶ ተመለሰ። እዚያ እያለ መጨረሻው ላይ ወባ ይዞት ታክሞ ነበር። አሁን ያለንበት ደጋ ነው፣ ወባ የሚባል ነገር አይታወቅም። ግን ከመጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ብርድ ብርድ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ልብስ የሚያርስ ላብ። ተመርምሮ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል። ትንኝ በሌለበት ወባ ከየት ይመጣል? እናታችን "የሰጡት መድኃኒት ውሸት ነው" ትላለች። እሱም "ከእንግዲህ አልታከምም" ብሏል። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ጨንቆኛል።

ላብ ቴክ፦
አይዞሽ እህቴ። የድሮ የምርመራ ወረቀቶቹን ፈልጊ። "ወባ" ከሚለው አጠገብ ፒ ኤፍ ወይም ፒ ቪ የሚል ይኖራል። የወባ ዓይነቶች ናቸው፦ የመጀመሪያው ፋልሲፓረም ነው፣ ሁለተኛው ቫይቫክስ። መልሱ ያለው እነዚያ ሁለት ፊደላት ላይ ነው።

ፒ ቪ ከሆነ አዲስ ትንኝ አያስፈልገውም። ቫይቫክስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሁሉም ወደ ደም አይወጣም፤ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ይተኛል። ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዱ ዝርያ ዓመት ሊሞላው ሲል ይነቃና እንደ አዲስ ያምማል። ክሎሮኪንም ሆነ ኮአርተም የሚገድሉት ደም ውስጥ ያለውን ነው፣ ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነኩትም። ስለዚህ እናትሽን "መድኃኒቱ ውሸት አይደለም፣ ግን ሥራው ግማሽ ነው" በያቸው። ፋልሲፓረም እንዲህ ጉበት ውስጥ አይተኛም።

ግን ወረቀት ፍለጋው ዛሬ ምርመራውን እንዳያዘገየው። ትኩሳት እያለው ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። በፈጣኑ ኪት ብቻ ከታየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ፋልሲፓረምን የሚለየው መስመር ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት "አለ" ሊል ይችላል፤ በአንጻሩ መስመሩ የሚፈልገው ፕሮቲን የጎደለው ፋልሲፓረም ሲያጋጥም ኪቱ "የለም" ይላል።

የገጠር ልጅ፦
እኔም አራት ጊዜ ተመላልሶብኛል። በመጨረሻ የአርቴሚሲያ ቅጠል እያፈላሁ ጠጥቼ ተገላገልኩ። ዘመናዊው መድኃኒት የሚሠራው ከዚያው ተክል አይደል እንዴ? ሞክሩት።

ፋርማሲስቷ፦
@የገጠር ልጅ፣ ከተክሉ መገኘቱ እውነት ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ አርቴሚሲኒንን ከተክሉ በማግኘቷ በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስዳበታለች። ግን ቅጠል ሲፈላ ስንት ሚሊግራም እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ ትንሽ ትንሽ መጠን ደግሞ የወባውን ተሕዋስ ሳይገድል መድኃኒት ያለማምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለሕክምናም ለመከላከያም አይመክርም። ደግሞ ቫይቫክስ በራሱ ጊዜ ማገርሸቱን የሚተውበት ጊዜ አለ፤ ምስጋናው ለቅጠሉ የሚሄደው ያኔ ነው።

እህቱ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሦስት ቀኑ መድኃኒት ሌላ ለ14 ቀን የሚዋጥ ክኒን ተሰጥቶት ነበር? ፕሪማኩይን ይባላል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚገድለው እሱ ነው።

እህቱ ነኝ፦
ወረቀቱን አገኘሁት፣ ሁለቱም ጊዜ ፒ ቪ ይላል! ክኒኑን ስጠይቀው ደግሞ ሳቀ። በሁለተኛው ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ አራት ቀን ውጦ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ደግሞም ድኛለሁ ብሎ ተወው። የተረፈው መሳቢያ ውስጥ አለ። ዛሬ ሲመረመርም ያው ፒ ቪ ነው። ታዲያ የቀረውን አሥር ቀን ይጨርስ? ደግሞ እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ ለጥንቃቄ እኔም ልውሰድ?

ፋርማሲስቷ፦
አንቺ በፍጹም አትንኪው! ፕሪማኩይን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ምክንያቱም የጽንሱ ደም ይታገሠው አይታገሠው ማወቅ አይቻልም። ወባ ደግሞ አብሮ በመኖር አይተላለፍም፤ ትንኟ ካልነከሰችሽ ከወንድምሽ ምንም አይደርስብሽም። ነፍሰ ጡር ሴት ቫይቫክስ ሲይዛት የደሙን ታክማ እስክትወልድ በየሳምንቱ ክሎሮኪን ሊሰጣት ይችላል፣ የጉበቱ ሕክምና ከወሊድ በኋላ ይታሰባል።

የእሱን በሒሳብ ላሳይሽ። የተለመደው መጠን በኪሎ 0.25 ሚሊግራም በየቀኑ ለ14 ቀን ነው፣ ድምሩ በኪሎ 3.5 ሚሊግራም። 60 ኪሎ ከሆነ 210 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ በቀን 15 ሲሆን አራት ቀን 60 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሲሶ እንኳ አልሞላም። ወራት ካለፉ በኋላ ያንን መቀጠል ዋጋ የለውም፤ የደሙን መድኃኒት እንደገና፣ ፕሪማኩይኑንም ከአንድ ብሎ ይጀምር። ሆድ ቁርጠቱ ከምግብ ጋር ሲዋጥ ይቀንሳል፤ ባዶ ሆዱን የዋጠ ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን ጂ6ፒዲ የሚባለው ምርመራ መቅደም አለበት።

እህቱ ነኝ፦
እሱ ደግሞ ምንድን ነው? በሁለቱም ጊዜ ማንም አልነገረንም።

ላብ ቴክ፦
ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም ነው። በዘር የሚያንሳቸው በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። እነሱ ፕሪማኩይንን በየቀኑ ሲወስዱ ቀይ ሴላቸው ይፈርሳል። አራት ቀን ውጦ አልጎዳውም ማለት ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ካነሰው በሐኪም ክትትል በሳምንት አንድ ቀን እየተሰጠ ስምንት ሳምንት የሚፈጅ አወሳሰድ አለ።

ምርመራው ደህና ቢልም ሽንቱ ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ። ወባው ራሱም ግራ ካጋባው፣ እንደሚጥል በሽታ ካንዘፈዘፈው ወይም ያለማቋረጥ ካስመለሰው የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ቫይቫክስም ይገድላል።

ተጠራጣሪው፦
ወባው መድኃኒት ለምዶ ቢሆንስ? በየዜናው የምንሰማው ይህንን ነው።

ላብ ቴክ፦
ጥያቄህ ትክክል ነው። ክሎሮኪንን የተቋቋመ ቫይቫክስ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከታየ ከ1989 ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ የምናየው ቀኑን ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ከተመለሰ የደሙ መድኃኒት አልሠራ ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፣ ለሐኪሙም መነገር አለበት። የዚህ ልጅ ግን በየሁለት ወሩ ነው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ሳምንታት ስለሚቆይ ከጉበት የሚወጣውን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ሲያልቅ ነው ብቅ የሚለው። ነገሩ የማገርሸት ነው የሚመስለው።

የገጠር ልጅ፦
በአንድ ጊዜ የሚዋጥ አዲስ ክኒን አለ ይባላል። 14 ቀን ማን ይውጣል?

ፋርማሲስቷ፦
አለ፣ ታፌኖኩይን ነው። በ2018 በአሜሪካ ጸድቋል። ግን ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከተዋጠ በኋላ ጉዳት ቢመጣ ማቆም የለም፤ ስለዚህ የጂ6ፒዲው መጠን በቁጥር ተለክቶ ከጤናማው መጠን 70 በመቶ በላይ መሆን አለበት። የፕሪማኩይንንም በእጥፍ መጠን ለ7 ቀን የሚሰጡበት አሠራር አለ፣ የያዘው ሐኪም ይወስናል።

እህቱ ነኝ፦
የመጣሁት ልነግራችሁ ነው። ጂ6ፒዲው ደህና ነው ተባለ። የደሙን መድኃኒት ጨርሷል፣ ፕሪማኩይኑ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከቁርስ በኋላ እኔ ፊት ነው የሚውጠው፣ ሆዱም አላስቸገረውም። ትናንት ግን እኔ ክትትል ሄጄ ዘነጋው። ዛሬ ሁለት ይዋጥ?

ፋርማሲስቷ፦
ሁለት አይዋጥ። የዛሬውን ብቻ ይውሰድ፣ የተዘለለችው መጨረሻ ላይ ትጨመርና 15ኛ ቀን ላይ ይጨርሳል።