የሳር ማጨጃው አንድ ጎማ ሲሞቅ ይደክማል፣ ሃይድሮሊኩን እንዴት ልፈትሽ?

የካዛንቺሱ አትክልተኛ፦
ሰላም ወንድሞች። ካዛንቺስ አካባቢ ሰፊ ግቢ አለን፣ ሳሩን የምናጭደው ተቀምጠው በሚነዱት ትልቁ ማሽን ነው። መሪ የለውም፣ በሁለት እጀታ ነው የሚዞረው። ጠዋት ሲነሳ ምንም አይልም። ትንሽ ሠርቶ ሲሞቅ ግን ቀኙ የኋላ ጎማ እየደከመ ይመጣል፣ ዳገት ላይማ ጭራሽ እምቢ ይልና ማሽኑ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ጉልበት ደርሷል። አንድ ጋራዥ አሳይተነው ሳይፈቱ ሳይለኩ «ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይሩ» አሉን። ዋጋው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከመግዛታችን በፊት ራሳችን የምንፈትሽበት መንገድ አለ?

ልጅ መካኒክ፦
መጀመሪያ ሞተሩን ጠርጥር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ከዚያ ቺንጊያውን እይ፣ ላልቶ ከሆነ ሲሞቅ ይንሸራተታል።

የቆየ መካኒክ፦
ልጄ ያልከው ልክ ነው፣ ግን እንዲህ ያለው ማሽን ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱም ጎማው ላይ ያለውን የሃይድሮሊክ ሞተር ያዞራል። ዋናው ሞተርም ቺንጊያውም ሁለቱንም ፓምፕ ነው የሚነዱት። እነሱ ቢሆኑ ሁለቱም ጎማ ይደክም ነበር። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ በዚያው ጎን ፈልግ።

አትክልተኛው፣ ማሽኑ ሳይሞቅ ዘይቱን እይ። አረፋ ካለው አየር ገብቷል፣ ወተት ከመሰለ ውሃ፤ ክረምት ደጅ ያደረ ማሽን ላይ ይህ አይጠፋም። የተሞላው ዘይት ምን እንደሆነም ጠይቅ። ብዙዎቹ 20ደብልዩ-50 የሞተር ዘይት ነው የሚፈልጉት፣ ቀጭን ዘይት ከተሞላበት ሲሞቅ ይሳሳና ጉልበት ይጠፋል። ቀጥሎ ማሽኑ ጠፍቶ በእጅ እንዲገፋ የሚከፈተውን ቫልቭ ተመልከት። የቀኙ በደንብ ካልተዘጋ ዘይቱ ጎማውን ሳይገፋ ዞሮ ይመለሳል፤ ለዚህች ብቻ ፓምፕ ያስገዙ ጋራዦች አሉ፣ ያናድደኛል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ፓምፑና የጎማው ሞተር የተለያዩ ከሆኑና ቱቦዎቹ ከደረሱልህ፣ የቀኙን ቱቦዎች ከግራው ጋር አቀያይር። ሲሞቅ ድካሙ ወደ ግራ ጎማ ከዞረ የቀኙ ፓምፕ ነው፣ እዚያው ቀኝ ከቀረ የጎማው ሞተር። ሁለቱ አንድ ላይ የታሸጉ ከሆኑ ግን ይህ አይሆንልህም።

የካዛንቺሱ አትክልተኛ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፓምፑና የጎማው ሞተር ለየብቻ ናቸው። ቱቦ ከፈታሁ አየር ይገባል አይደል? ያንን እንዴት ነው የማወጣው?

የቆየ መካኒክ፦
ይገባል። የኋላውን በክሪክ አንሳና ከስር ጠንካራ ድጋፍ አድርግ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ቢላዋው ጠፍቶ፣ ሁለቱን ቫልቭ ከፍተህ ሞተሩን አስነሳ፣ እጀታዎቹን ቀስ እያልክ ወደፊት ወደኋላ አምስት ስድስት ጊዜ አመላልስ። አጥፋ፣ ቫልቮቹን ዝጋ፣ እንደገና አስነስተህ ድገመው። ዘይቱ ይወርዳል፣ ሙላ። ደግሞ አስተውል፤ ቱቦው ተቀያይሯልና ግራው እጀታ ቀኝ ጎማን ነው የሚያዞረው፣ መሬት አውርደህ ስትነዳው ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ይሁን።

ሴት ቴክኒሻን፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ ቸል አትበሉት። ሞተሩ እየሠራ ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ በእጃችሁ አትዳስሱ። በመርፌ ቀዳዳ የምታክል ስንጥቅ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ላዩ ሲታይ ነጥብ ብቻ ነው፣ ውስጡ ግን ሥጋውን ይገድለዋል፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን ይዛችሁ በሱ ፈልጉ። የነካው ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ ለሐኪሙም የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን ይንገር።

የካዛንቺሱ አትክልተኛ፦
አቀያየርነው። ሲሞቅ ግራው ደከመ፣ ቀኙ እንደ አዲስ ዳገቱን ወጣ። ስለዚህ ፓምፑ ነው ማለት ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ላፈላልግ።

የቆየ መካኒክ፦
አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድ፣ በቃል ብቻ አትግዛ። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ደግሞ አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠህ ውስጡን እይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ታንከሩንና ቱቦዎቹን እጠብ፣ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይር። ያ ብናኝ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ፓምፕ ይበላዋል።