ጥንብ አንሳዎች ከደቡብ እስያ ሰማይ ለምን ጠፉ?

ጠያቂ፦ በህንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል በብዛት ይታዩ የነበሩት ጥንብ አንሳዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመናምነዋል። አዳኝ ሳያሳድዳቸው፣ ምግብም ሳያጡ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ 1፦ መንስኤው ለከብቶች የሕመም ማስታገሻነት ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ መሆኑ በ2004 ይፋ ሆኗል። መድኃኒቱን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆምና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ በአንድ በድን ላይ በርካታ አሞሮች ስለሚሰፍሩም ጥቂት የተበከሉ ከብቶች መንጋውን ለመጨረስ በቂ ነበሩ። ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ በህንድ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ ወፏ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለምትጥልና ጫጩቷም ለመራባት ዓመታት ስለሚፈጅባት፣ የሞተው ቶሎ አይተካም።

ጠያቂ፦ ታዲያ እገዳው ረድቷል?

መልስ 1፦ ሦስቱ አገሮች በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና ከልክለዋል፤ ምትኩ ሜሎክሲካምም ለአሞሮቹ ጉዳት የለውም። ሆኖም ለሰው የተዘጋጀው ዳይክሎፌናክ በትልልቅ ጠርሙስ እየተሸጠ ለከብት ይውል ስለነበር (ይህን ቀዳዳ አስቀድሞ መገመት አያዳግትም ነበር) ህንድ በ2015 የመርፌውን ጠርሙስ በ3 ሚሊ ሊትር ገድባለች።

መልስ 3፦ በኔፓል ቁጥራቸው ማገገም ጀምሯል። እንደ እኔ እምነት ግን ኬቶፕሮፌንን የመሰሉ ሌሎች ጎጂ መድኃኒቶች ከገበያ ካልወጡ የአንዱ እገዳ ብቻውን አይበቃም።