ኪራዩም ደሞዙም የሚቀንስበት ገጠር መግባት ያዋጣል?

እባካችሁ ሐሳብ አዋጡኝ። ከከተማ ወጥተን ገጠር ወረዳ ልንገባ እያሰብን ነው። ኪራዩ አሁን የምንከፍለው ግማሽ ነው። ችግሩ፣ እዚያ ያገኘሁት ሥራ ደሞዙም ግማሽ ነው። ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ በሚባለው ሳሰላው ሁለቱም ጋ ያው ነው። ከኪራይ የሚተርፈኝ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ደግሞ ደሞዝህ አነሰ ብለው አይራሩልኝም፤ አውቶቡስ የለማ! ባለቤቴ «ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ ያገኛሉ» ትላለች። እሱስ እውነቷን ነው። ግን ያንን ሥራ ባጣ በአቅራቢያው ሌላ ቀጣሪ የለም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ የኖራችሁ፣ ከኪራይ ሌላ ኪሳችሁን ያራቆተው ምንድን ነው? ውል ሳልፈርም ምኑን ላጣራ?