«ፍጻሜው በእኛ ትውልድ ነው» የሚለው ትምህርት ወንድሜን ከትምህርት ገበታው አስቀርቶታል፤ ማስረጃው ምን ያህል ይጸናል?

ጥያቄ፤ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ በየሳምንቱ በሰው ቤት እየተሰበሰበ መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያጠና አንድ የሃይማኖት ቡድን ጋር ይውላል። የቡድኑን ስም የማልጠቅሰው ጥያቄዬ ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ ሰዎቹ ስላልሆነ ነው፤ እንዲያውም አባታችን በታመመ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ እየተመላለሱ አብረውን ያስታመሙት እነርሱ ናቸው። ትምህርታቸው ግን አሁን ያለው ትውልድ የዓለምን ፍጻሜ ሳያይ አያልፍም የሚል ሲሆን፣ ለዚህ የሚያቀርቡት ዋና ማስረጃ ጦርነት፣ ረኃብ፣ ወረርሽኝና የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ዛሬው በዝተው አያውቁም የሚል ነው።

ወንድሜ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለው። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለአራት ከፍሎ፣ በስልኩ የሚያነበውን ክፉ ዜና ሁሉ ከነቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ይመዘግባል፤ የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻውን ሦስት ገጽ ይዟል። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ከጨረሰ በኋላ ለአራተኛው ዓመት ሳይመዘገብ ቀረ። እናታችን ምክንያቱን ስትጠይቀው «እማዬ፣ ዲግሪው ሳይደርስ ጌታ ይደርሳል» አላት። እርሷም አንዲት ቃል ሳትመልስ፣ ምስር ትለቅምበት የነበረውን ሰፌድ እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ። እምነቱን ላስጥለው አልፈልግም፤ ዳግም ምጽአትን እኔም አምናለሁ። ማወቅ የምፈልገው የእኛ ዘመን በእርግጥ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ ወይ የሚለውን ነው። ሌላው ጥያቄዬ ወንድሜን ሳላስቀይም እንዴት ላነጋግረው እንደምችል ነው።

መልስ፤ ጡረታ ከወጣ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ ወንድምሽ ያን ደብተር በ1880 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ ጀምሮት ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፍበት እንደነበር ላስቀድም። በዚያ ዓመት በጥር ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ድል ሆኑና ደርቡሽ የተባለው የሱዳን መሐዲ ጦር ከተማችን ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ ከሰይፍ ካመለጠው ሕዝብ ብዙው እየተማረከ ወደ ሱዳን ተነዳ። ዛሬ ሄደሽ የምትሳለሚው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ ዝናቡ ቀረ፤ ተምችና አንበጣ የበቀለውን በላው፤ የሚጠምደው ያጣ ገበሬ ማሳውን በዶማ ሊቆፍር ሞከረ፤ ቀጥሎም ቸነፈር መጣ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ይህን ጊዜ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ጠራው። በዚያ ጊዜ እዚህ አገር የነበረ ሰው የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 24 ገልጦ «ይህ የእኛ ዘመን ነው» ቢል፣ ከወንድምሽ ይልቅ እርሱ በቂ ምክንያት ነበረው።

ወደ ኋላ ብንሄድም እንዲሁ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ስለሚቆጠር፣ ሰባት ሺው ዘመን በ1500 ዓ.ም. ሞልቶ የፍጻሜ ዘመን የሚባለው ስምንተኛው ሺ ገባ። ዐፄ ልብነ ድንግል የነገሡት በዚያው ዓመት ነው። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በግራኝ አሕመድ ጦር ከተሸነፉ በኋላም፣ ስንት ገዳምና ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ያየ ሰው ከዚያ ሌላ ምን ምልክት ይጠብቅ ነበር? ነገር ግን ስምንተኛው ሺ ከገባ ይኸው ከ500 ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም አንድ ልጅ አባቱን ሲዘልፍ ያየ ሽማግሌ «ስምንተኛው ሺ ነው» ይላል።

የቋራውን ካሳንም አትርሺ። ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚለው፣ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ስለነበር፣ ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ስሙን ለራሳቸው አደረጉት። ብዙ ሰውም ትንቢቱ ደረሰ ብሎ ተቀበላቸው። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሏት ግን እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ይህን የምነግርሽ በትላንት ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ትንቢትን ከገዛ ዘመኑ ጋር ማጋጠም ብልህ ሰውንም እንደሚያሳስት እንድታስተውዪ ነው።

መልስ፤ ከጂኦሎጂ ባለሙያ

ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ብቻ ልናገር። በሬክተር መለኪያ 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ታላላቅ መንቀጥቀጦች ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተያዘው መዝገብ መሠረት በዓለም ዙሪያ በአማካይ በዓመት 15 ያህል ይደርሳሉ፤ አንዱ ዓመት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል እንጂ ያለማቋረጥ እየጨመሩ አልሄዱም። የበዛው የመመዝገቢያ ጣቢያውና የዜናው ፍጥነት ነው። ቀድሞ ከአንድ ወረዳ አልፎ የማይሰማ ንቅናቄ ዛሬ በደቂቃ ውስጥ ስልካችን ላይ ይደርሳል። የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለና ምድሩ በዝግታ የሚለያይበት ስፍራ ነው፤ ከሥር ያለው ቅልጥ ዐለት መንገድ ሲፈልግ ላይኛው መሬት ይሰነጠቃል። ይህ ሰው በምድር ላይ ከመኖሩ አስቀድሞ የጀመረ ሥራ ነው።

መልስ፤ በትርጓሜ ቤት ከተማረ

እኅታችን፣ መምህሩ የጻፉትን ተቀብዬ፣ ወንድምዎ የሚያከብረውን መጽሐፍ ራሱን ይዘው እንዲያነጋግሩት እመክራለሁ፤ ከታሪክና ከሳይንስ ይልቅ እርሱን ይሰማልና። ጌታ ጦርንና የጦርን ወሬ ትሰማላችሁ ካለ በኋላ ወዲያው የሚለው «አትደንግጡ» ነው፤ መጨረሻው ገና እንደሆነም ያክልበታል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ቆጥሮ የፍጻሜውን ቅርበት መለካት የንባቡን አቅጣጫ መገልበጥ ነው። «ይህ ትውልድ አያልፍም» የሚለውንም በሚያነብቡበት ጊዜ ምዕራፉ በምን እንደሚጀምር ይመልከቱ፤ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ ነው። ቤተ መቅደሱም እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. ቃሉን የሰሙት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ በሮማውያን እጅ ፈርሷል።

ደግሞም ቅዱስ ጴጥሮስ በበዓለ ኀምሳ ቆሞ፣ በመጨረሻው ቀን ይሆናል የተባለው የኢዩኤል ትንቢት በዚያው ዕለት እንደተፈጸመ መስክሯል። በሐዋርያት አነጋገር እንግዲህ የመጨረሻው ዘመን የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ የአንድ ትውልድ የግል ርስት አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ግን የተሰሎንቄ ሰዎች ነገር ነው። የጌታ ቀን ደርሷል ብለው የታወኩ ነበሩ፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ነበሩባቸው። ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው መልእክቱ ሥራቸውን እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ያን መልእክት ከወንድምዎ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ሦስት አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ናቸው።

መልስ፤ በመሰል ቡድን ውስጥ ከነበረ

የእኔ ቡድን የወንድምዎ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስድስት ዓመት ቆይቼበታለሁ። በገባሁበት ጊዜ የምንጠብቀው የተወሰነ ዓመት ነበር። ያ ዓመት ሲያልፍ ማንም ተሳስተናል አላለም፤ «ብርሃኑ እየጨመረ ነው» ተባለና ሌላ አቆጣጠር ተሰጠን። በኋላ ሳነብ ይህ አዲስ ነገር አለመሆኑን ተረዳሁ። ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ ከትንቢተ ዳንኤል 2300 ቀን ተነሥቶ ባስፋፋው ስሌት ምክንያት፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ጌታን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጠብቀዋል፤ እርሻቸውን ሳያጭዱ የተዉም ነበሩ። ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የሬዲዮ ሰባኪም በ2011 እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ብሎ፣ ቀኑ ሲያልፍ ወደ ጥቅምት 21 አዛውሮታል።

በእኔ የደረሰውን ልንገርዎ። ቤተሰቤ በማስረጃ ሲሞግተኝ «በመጨረሻው ቀን ዘባቾች ይመጣሉ» የሚለው ቃል በእነርሱ ላይ የተፈጸመ ይመስለኝና እምነቴ ይጠነክር ነበር። የረዳኝ አንድ አጎቴ ነው። አልተከራከረኝም፤ «የምትጠብቀው ነገር አምስት ዓመት ቢዘገይ እናትህን በምን ትጦራለህ?» ብሎ ጠየቀኝና ዝም አለ። ያ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ ደብተሩን አይቀሙት፣ አይሳቁበትም። አባትዎን ያስታመሙትን ሰዎችም በፊቱ አያሙ፤ ፍቅራቸው እውነተኛ ነውና ወንድምዎን የያዘውም ከስሌቱ ይልቅ እርሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ግን አለ። ሳይመዘገቡ ዝም ብሎ መቅረትና የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልቶ መውጣት አንድ አይደሉም፤ ፎርሙን የሞላ ተማሪ በኋላ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ለመመለስ ይቀለዋል። የትምህርቱን ጉዳይ ከእምነቱ ጉዳይ ለይታችሁ፣ አሁኑኑ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህሩን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። አያቷ ስለ ክፉ ቀን ይነግሯት እንደነበር፣ በዚያ ጊዜ ከሞት የተረፈች አንዲት ላም በቤተሰቡ ዘንድ በስሟ እስከ ዛሬ እንደምትነሣ አጫወተችኝ፤ ይህን ከዚህ ቀደም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ገብቶ የላሟን ስም ጠየቃት። ስለ ፍጻሜው ገና ምንም አልተነጋገርንም። የተሰሎንቄን መልእክት እሑድ ማታ አብረን እንድናነብብ ጠይቄው እሺ ብሎኛል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ስለ ፎርሙ ለመጠየቅ ወደ ሬጅስትራር እሄዳለሁ።