«ዳር ይበቃቸዋል»፦ የኮምቦልቻ ሠራተኛ ቤት የት ይሠራ?

የቦርከና ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ገጽ ላይ አንዱ «ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ቤት መሥሪያ ከከተማ ዳር መሬት ይበቃቸዋል» ብሎ ጻፈ። በጣም አናደደኝ። ዳር ላይ መሬቱ ይረክሳል እንጂ የውሃው መስመር፣ ትራንስፎርመሩና መንገዱ እንደ አዲስ ነው የሚዘረጋው። ፓርኩ የምትሠራው ልጅም ጠዋት ማታ የባጃጅ ትከፍላለች፤ በማታ ሺፍት ባጃጁም አይገኝ።

ሆጤ፦ «ዳር» ያልኩት እኔ ነኝ። መሀል ከተማ መሬት በሊዝ ጨረታ ነው የሚወጣው። በጨረታ ዋጋ የድሃ ቤት አይሠራም።

የቦርከና ልጅ፦ ወንድማለም፣ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ ለመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት መሬት በምደባም፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ጨረታ ብቻ አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦ መሀል ከተማ ፎቅ ሠርታችሁ ምድሩን ሱቅ፣ ላዩን መኖሪያ አድርጉት የሚሉም አሉ፤ እነሱም ይስሙኝ። በኮንዶሚኒየሙ ጊዜ የምድር ሱቆቹ የቤቱን ዋጋ ይደጉሙ ተብሎ በጨረታ ተሸጡ። ጨረታ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው፤ ቡና የምታፈላዋና ልብስ ሰፊው ውጭ ቀሩ። አሁን ባለ 40 ካሬ ሜትሩን ሱቅ ስምንት ስምንት ካሬ አድርጋችሁ ሸንሽኑት፣ ከሱቆቹ ግማሹን በጨረታ ሽጡ፣ ግማሹን እዚያው ለሚኖሩት አከራዩ።

ሆጤ፦ ግማሹን ካከራየህ ድጎማው ከየት ይመጣል?

ሰኞ ገበያ፦ «አከራየህ» አትበለኝ፣ ሴት ነኝ። ኪራዩም ገቢ ነው፤ የደረጃውን መብራትና የጣራውን ጥገና ይችላል።

ጦሳ ሥር፦ ደሴን ረሳችኋት። እኛ ጋ ጠጋ ጠጋ ብለን እንሥራ ሲባል ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የድጋፍ ግንቡ ከኋላው ጠጠር ካልተሞላ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለት በሁለተኛው ክረምት ሆዱን ያወጣል። የአንድ ሕንፃ 40 አባወራ ሴፕቲክ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጉድጓድ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከሰረገ ደግሞ የታችኛውን ሰፈር ይዞ ይወርዳል።

ሆጤ፦ አያችሁ? ዳሩ ሜዳ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ጦሳ ሥር፦ ሜዳውማ ጤፍና ማሽላ የሚበቅልበት የገበሬ ማሳ ነው። «ዳር» ስትል የማን ዳር እንደሆነ ንገረን።

የቦርከና ልጅ፦ መብራቱንስ ማን አሰበው? አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የሕንፃው 40 ቤት እሁድ ጠዋት አብሮ ከጣደ 140 ኪሎ ዋት ነው፤ ባለ 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ቢበዛ 100 ኪሎ ዋት ነው የሚሸከመው፣ አይችለውም።

ሰኞ ገበያ፦ ምድር ላይ አራት ምጣድ ያለው የጋራ መጋገሪያ ይሁን፣ በተራ ይጋገር።

ሆጤ፦ እታለም፣ ለጾም መያዣ ዋዜማ ተራው ለማን ይደርሳል?

ሰኞ ገበያ፦ አንተ መጀመሪያ የጦሳ ሥርን ጥያቄ መልስ። የማን ዳር ነው?